ምንም የማይተርፍበት ቤት

አባቴ ለጋሽ ሜትር ያቀረበላቸው ጥያቄ ቤት የሚያሠራ ሰው የሚጠይቀው ዓይነት አልነበረም። ሌላው ሰው ባዶ መሬቱ ላይ ይቆምና «እዚህ ላይ ሦስት ክፍል ባሠራ ስንት ይፈጅብኛል?» ይላል። አባቴ ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የገንዘቡን ልክ በጆሯቸው ነገራቸው። ከዚያ ቀና አለና፣

«ልክ ይህን የሚፈጅ ቤት ይገምቱልኝ» አላቸው።

ጋሽ ሜትር ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ሥራቸው የግንባታ ወጪ መገመት ነው። ከወገባቸው በማይለየው የብረት ሜትር ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

«ከዚህ እንዳይበልጥ ማለትህ ነው?»

«እንዳይበልጥም፣ እንዳያንስም። ቤሳ እንዳትተርፍ።»

ጋሽ ሜትር ሳቁ። ፊት ለፊት ጥርስ ስላልነበራቸው ሳቃቸው ፉጨት ይቀላቅላል። የእኔም የፊት ጥርሶች በዚያው ሰሞን ወልቀው ነበርና ወዲያው ወደድኳቸው።

«ዕድሜ ልኬን 'ቀንስልኝ' የሚለኝ ሰው ሲያደክመኝ ኖሬ ዛሬ ጨምርልኝ ባይ መጣልኝ! ወንድሜ፣ ቤትና ሠርግ እኮ ማንም ሳይለምናቸው ነው ከግምት በላይ የሚፈጁት።»

አባቴ አልሳቀም። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሲቀልድ ከንፈሩ መሃል መርፌ እንደያዘ ሁሉ ዝም ይላል። እኔ ግን ሳቅሁ። ሀብታም ሆነናል ማለት ነው ብዬ። ገንዘቡን ማን እንደላከው ማንም ሳይነግረኝ አውቄው ነበር፤ ወንድምዬ ነው። ወንድምዬ ባሕር ማዶ ነው፣ ረጃጅም ፎቅ ይሠራል፣ ሲደውል ከድምፁ ኋላ ብረት ሲንኳኳ ይሰማል። መደወል ካቆመ ሰንበትበት ብሏል፤ ቢሆንም ፎቁ በጣም ከፍ ሲል ስልክ አይሠራ ይሆናል ብዬ ለራሴ መልስ ሰጥቼ ጨርሻለሁ።

ገንዘቡን ወንድሜ አልላከውም። ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ሞቶ አሠሪዎቹ ለቤተሰቡ የከፈሉት ካሳ ነው። አስከሬኑን እዚያው ቀበሩት፤ ተሻግሮ የመጣው ገንዘቡ ብቻ ነው። ያን ሰሞን እኔን አክስቴ ቤት ልከውኝ ነበር። ስመለስ እናቴ ጥቁር ለብሳ ጠበቀችኝ። «ዘመድ ሞቶ ነው» አሉኝ። ዘመድ ማለት እኔ የማላውቀው ሰው ይመስለኝ ነበር። ለዚች ልጅ እንዴት ተደርጎ ይነገራል ሲባባሉ ቀኑ ገፋ፤ ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ነገሩን የሚጀምሩበት አፍ ጠፋ።

ጋሽ ሜትር አንድ ልማድ ነበራቸው። ቁጥር ከመደመራቸው በፊት ቤቱን መሬቱ ላይ በኖራ ይሥሉትና ባለቤቶቹን «እስቲ ኑሩበት» ይሏቸዋል።

«ሰው ስትጠይቀው የሚነግርህ የሚመኘውን ቤት ነው» አሉ፣ ችካል እየመቱ። «አስገብተህ ስታየው ግን እግሩ የሚኖርበትን ይነግርሃል። እኔ የምገምተው የእግሩን ነው። ለምላሱ ከገመትኩማ ማን ይችለዋል!»

መሬታችን ከከተማው ዳር ያለ ተዳፋት ነበር። በችካሎቹ መሃል ሲባጎ ተወጠረ፣ በሲባጎው ሥር ኖራው እንደ ዱቄት ተነሰነሰ፣ ሲባጎው ሲነሳ ሣሩ ላይ ቤት ተኝቶ ቀረ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር ከዚያ በፊት ያየሁ አይመስለኝም። ጋሽ ሜትር እጄን ይዘው በበሩ አስገቡኝና በተዳፋቱ በኩል ያለችውን ክፍል ሰጡኝ።

«ይቺ የእመቤት ሚጣ ናት። በበሯ ካልሆነ በቀር መግባት ክልክል ነው።»

«በሩን ስዘጋው የውጭ ሰው አይሰማኝም አይደል?»

«የግድግዳው ውፍረት ሃያ ሳንቲም ነው ልጄ! በምኑ ሰምቶሽ!»

ዘጋሁት፤ ከፈትኩት፤ ዘጋሁት። አባቴ በኖራው ኮሪደር ውስጥ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ይራመዳል፣ ግድግዳውን እንዳይነካ። እናቴ ግን ከመንገዱ መጥታ ኖራውን ሳታየው ረግጣ ገባች።

«ኧረ እመቤቴ! ግድግዳ ጥሰው እኮ ነው የገቡት» አሉ ጋሽ ሜትር። «ይሄንንም በጥገና ሂሳብ ልያዘው?»

«ግድግዳው የታለና ነው የምጥሰው?»

«እዚህ ጋ ማድ ቤቱ ይሁንልሽ» አላት አባቴ። «መስኮቱ ወደ መንገዱ ያያል። ሰው ሲመጣ ታዪበታለሽ።»

«ማን ሲመጣ?»

እናቴ በሌላኛው ግድግዳ በኩል አቋርጣ ወጣች፤ ኖራው ላይ የጫማዋ ዳና ቀረ። ማድ ቤቱ ጠቦባት አኩርፋለች ብዬ፣ «እማዬ፣ ከኔ ክፍል ትንሽ ውሰጂ! እኔ ትንሽ ነኝ፣ ይበቃኛል!» ብዬ ጮህኩላት። ዞር ብላ አየችኝና ፈገግ ለማለት ሞከረች። ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ያኔ ትዝ አለኝ።

«የወንድምዬስ ክፍል?»

ጋሽ ሜትር አባቴን አዩት።

«አለ» አለ አባቴ። «ትልቁ የእሱ ነው።»

«ወንድ ልጅም አለህ ለካ! ምነው እስካሁን ሳትነግረኝ? እንግዲያው ቁመቱን ንገረኝ፣ የበሩን ልክ ላውቅ ነው። አንድ ሰውዬ ስለ ልጁ ርዝመት ሳይነግረኝ ቀርቶ፣ ልጁ በየጠዋቱ ግንባሩን በሩ ላይ በገጨ ቁጥር የሚረግመው እኔን ነው አሉ።»

አባቴ የወንድሜን ቁመት ከማንም በላይ ያውቃል። የትከሻውን ስፋት፣ የክንዱን ርዝመት፣ አንደኛው እግሩ ከሌላው በጥቂት እንደሚያጥር ሳይቀር በቃሉ ይይዘዋል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሱሪውን ሁሉ የሰፋለት እሱ ነው። ያን ቀን ሲጠየቅ ግን አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ረሳው ብዬ አፈርኩለት። ስለዚህ ዳር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ በእግር ጣቶቼ ቆምኩ፣ እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ።

«እዚህ ድረስ ነው! አባባን ይበልጠዋል! ሲመጣ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፣ እያደገ ነው እኮ!»

«ጎሽ! አባት ያላወቀውን እህት አወቀች» አሉና ሜትራቸውን ከመሬት እስከ መዳፌ ሳቡት። የብረቱ ጫፍ ቀዝቃዛ ነበር። «ኧረ ይሄስ ዝሆን ነው። ከመደበኛው በር ከፍ ማለት አለበት፤ መቃኑም ጉበኑም ይጨምራል። ልያዘው?»

«ይያዙት» አለ አባቴ። «ከፍ ይበል።»

እናቴ ተዳፋቱን ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታን። ለወንድምዬ ትልቁ ክፍል ስለተሰጠው ቅር ብሏት ነው አልኩ በልቤ። ልጁ መሆኑን ረስታዋለች እንዴ ብዬ ታዘብኳት። ያን መታዘቤን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ የትኛውን ትከሻዋን ወደ ላይ ሰብቃ እንደቆመች ግን ዛሬም ይታየኛል።

የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው የአባቴ የስፌት መኪናና ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ አሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እኔና ቁርጥራጭ ጨርቆቼ። አመሻሽ ላይ አባቴ አንድ ኮት እየፈታ፣ እናቴ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ሲነጋገሩ የሁለቱ እግሮች ብቻ ይታዩኝ ነበር።

«አሠራው» አለች እናቴ። «አታሠራ አላልኩህም። ግን እኔ እዚያ አልኖርም። የእሱን ግድግዳ አልደገፍም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው? ንገሪኛ! ሽንኩርት ልግዛበት? ኪራይ ልክፈልበት? ቆርሼ ልብላው?»

«ብላው አልኩህ?»

«አላልሽም።»

«ባንክ ይቀመጥ።»

«ባንክ!» የአባቴ እግር የመኪናው መርገጫ ላይ አንድ ጊዜ ወረደና መኪናው ባዶውን ተሽከረከረ። «ከዚያ በየወሩ እየሄድኩ 'ስንት ደረሰ?' እያልኩ ልጠይቅ? ሲጨምር ደስ ይበለኝ?»

እናቴ አጥፋ የጨረሰችውን አንሶላ መልሳ ዘረጋችው፤ ጫፉ እግሯ ድረስ ወረደ።

«መቃብሩን አላየሁም» አለ አባቴ፣ አሁን ዝግ ብሎ። «ድንጋይ አላቆምኩለት። እስቲ አንድ ነገር ላቁምለት። አንድም ሳይተርፍ፣ አንድም ሆዳችን ውስጥ ሳይገባ፣ ሁሉም ይቁም።»

የሞተውን ዘመድ መሆን አለበት አልኩ፤ መቃብር ሲሉ የሰማሁት ያንን ብቻ ነው። የቀረው ንግግር ስለ ሽንኩርት መሰለኝ። ራት ላይ አባቴ ትክ ብሎ ሳህኑን ሲያይ ጊዜ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ሽንኩርቱን ካልወደድከው ለኔ አሳልፈው፣ እማዬ ሳታይ እበላልሃለሁ» አልኩት በሹክሹክታ። አባቴ ራሴን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘኝ፤ በጣም ረጅም ጊዜ ስለያዘኝ ምስጢር ስለጠበቅሁለት ነው ብዬ ኮራሁ።

ጋሽ ሜትር ግምቱን ጨርሰው የጠሩን አንድ ፀሐያማ ጠዋት ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አነበቡልን፤ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ ግንበኛ፣ የቀን ሠራተኛ። አባቴ በያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴም መጥታ ነበር። ጠዋት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማ ስታደርግ አባቴ ምንም አልጠየቃትም።

«የኔንም ድካም ከዚሁ አስገብቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መጠባበቂያው ነው።»

«መጠባበቂያ ምንድነው?»

«ላልታሰበ ነገር የሚያዝ ነዋ። ዋጋ ይጨምራል፣ ብሎኬት ይሰበራል፣ መሬቱ ሲቆፈር ሌላ ነገር ያመጣል። መሬት ከላይ ሣር ነው፤ ውስጡን ማን አየው? ካላስፈለገ ደግሞ ገንዘቡ ተመልሶ ያንተው ነው።»

«እንዳይመለስ ነው የምልዎ» አለ አባቴ። «በረንዳ ያድርጉት። ወለሉን ያሳምሩት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያለ መጠባበቂያ ግምት የሚባል ነገር የለም! በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ ጣሪያ አልባ ቤት ልታይ ነው?»

«አንድም እንዳይመለስብኝ!» አባቴ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ፈራሁና ወደ ክፍሌ ሮጬ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። ኖራው በዝናብና በእግር ብዛት ደብዝዟል፤ ቢሆንም የቱ ጋ እንደሆነ አውቀው ነበር። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩና በማልሰማበት ቤት ውስጥ ሆኜ አየኋቸው።

እናቴ ወደ ጋሽ ሜትር ጠጋ አለች። ተናገረች። ብዙ አልተናገረችም። እጇን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አነሳችና ወደ መሬት ጣለችው። ጋሽ ሜትር ከድንጋዩ ሊነሱ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ዞር ብለው ያዩት እናቴን ወይም አባቴን አልነበረም፤ እኔን ነው። ቀጥለው ቀና አሉና፣ የወንድሜን ቁመት ላሳይ እጄን ሰቅዬበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩ። ቤቱ በጣም ውድ ሆኖ ደንግጠው ነው አልኩ።

በመካከላችን የነበረው ጥቂት እርምጃና ነፋስ ነው። ድምፅ የሚያግድ አንድም ነገር አልነበረም። ሰምቼ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እስከዛሬ አየዋለሁ፣ ቃሉን ግን ላገኘው አልቻልኩም። በሩን ዘግቼው ነበር።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ ጋሽ ሜትር። ይህችን ሰምቻለሁ። «እንዳልከው ይሁን ልጄ። ሁሉም ይቁም።» አባቴን እስከዚያች ቀን «ወንድሜ» ነበር የሚሉት።

አድጌ ቤታቸው ሄጄ ነበር። አርጅተዋል፣ ጥርሶቻቸውም ሁሉ ሄደዋል። «እምቢ ማለት ነበረብኝ» አሉኝ። «ግን እንባ ያየ ዓይን ቁጥር አያይም። አባትሽ መጠባበቂያውን ያውጡ ሲለኝ፣ እምቢ ብል ከልጁ ላይ ቁራሽ ሥጋ መልሼ የምሰጠው መስሎ ታየኝ።»

ቁፋሮው ሲጀመር መሬቱ ውስጡን አሳየ። ከሣሩ ሥር፣ ከቀዩ አፈር ሥር፣ ጥቁርና ለስላሳ ጭቃ ነበር። ቆፋሪዎቹ ወረዱ፤ ጠንካራ መሬት አጡ፤ ሌላ ሜትር ወረዱ። በየጠዋቱ ድንጋይ የጫነ መኪና ይመጣል፣ ወደ ጉድጓዱ ይገለብጣል፣ ጉድጓዱም ይውጣል። አባቴ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያይ ነበር። ከገንዘቡ የሚበዛው እንዲህ መሬት ውስጥ ገባ። በረንዳው ተሰረዘ፣ ወለሉ ተሰረዘ፣ ቀጥሎ ጣሪያው። ግድግዳው ከመስኮቶቹ በላይ ጥቂት ከፍ እንዳለ ግንበኛው እጁን ታጥቦ ሄደ።

ያ ቤት በእኛ እጅ ጣሪያ አላየም። ከጊዜ በኋላ አባቴ ከነግድግዳው ሸጠው፤ ዓይኑ ደክሞ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው። የተሸጠበትን ገንዘብ ኪራይ ከፈልንበት፣ ዱቄትና ሽንኩርት ገዛንበት፣ እኔም ተማርኩበት። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተቆረሰ አለቀ። አባቴ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሁላችንም በኋላ ይበላ ነበር፣ ጥቂት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ።

እኔ ግን የምመለሰው ግንበኛው ወደሄደበት ቀን ነው። የመጨረሻዋን ሲሚንቶ በወንድሜ ክፍል ግድግዳ አናት ላይ ጨርሷት ነበር የሄደው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። አባቴ ከመስኮቱ አየና ከአልጋቸው ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፈ፤ ከጓሮ ደግሞ አንድ ሰፊ ላስቲክ ጎትቶ ብርድ ልብሱን ያቀፈ እጁ ላይ ደረበና ሮጠ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ገና አልደረቀም! ዝናቡ ያጥበዋል!»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ ወደዚያ ቦታ ሄዳ አታውቅም። ከዚያ እጄን ያዘችና ተከተልነው። ስንደርስ ጠብታው ጀምሯል። አባቴ በርሜል ገልብጦ ላዩ ላይ ቆሟል፤ ብርድ ልብሱን ግድግዳው አናት ላይ አልብሶታል፤ ላስቲኩን ሊደርብበት ሲል ግን ነፋሱ አንዱን ጫፍ ይነጥቀዋል። ይይዛል፣ ይነጥቀዋል፣ ይይዛል። አልተጣራም። ማንን ይጥራ?

እናቴ ገብታ ያመለጠውን ጫፍ ያዘች። በሁለት እጇ ወደ ታች ሳበችው። አባቴ ወደ ታች አያት። እኔም የቀረውን ጠርዝ ያዝኩ። ላስቲኩ በራሳችን ላይ ይንኳኳል፤ የሲሚንቶ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል።

«ወንድምዬ ሲመጣ ክፍሉ እርጥብ ይሆንበታል» አልኩ።

እናቴ ላስቲኩን ሳትለቅ ጎንበስ አለች። ፊቷ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ።

«አይመጣም ሚጣዬ። ወንድምሽ ሞቷል። ከወደቀ ቆየ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አውቄ ኖሮ ይሁን፣ ወይም እሷ ሁለተኛ እንዳትናገረው ብዬ ይሁን፣ ዛሬም ልለየው አልቻልኩም። እናቴ ግንባሯን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። በላያችን የአባቴ ጫማዎች በርሜሉ ላይ ቆመዋል፤ ላስቲኩን ወደ ራሱ በሳበ ቁጥር በርሜሉ ያስተጋባል።

«እንዳትለቁት» አለ ከላይ። «እስኪደርቅ ነው። እስኪደርቅ ብቻ።»

ሲሚንቶ ለመድረቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያኔ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አልጠየቅሁም፤ ያዝኩ።